ብግነትና ደባል

ግሮኒንገን፣ ሆላንድ
ጃንዋሪ 14, 2025

ለተከበሩ እማማ ለተክርስቶስ፦

ጤናዎ እንዴት ነው? ገናን በሰላም እንዳሳለፉ ተስፋ አለኝ። ይህ ደብዳቤ ሳይጠፋ ደርሶ በመልካም ጤና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ።

እኔ ዳናይት ነኝ፤ የታላቅ እህትዎ የብርኽቲ የልጅ ልጅ፣ የሉዋም ልጅ። በ1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስንመጣ ገና መራመድ አልጀመርኩም ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ እርስዎ አቅፈውኝ የተነሣነው ፎቶ አያቴ ዘንድ አለ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝ አያቴ ናት። አማርኛም ያስተማረችኝ እሷው ስለሆነች ስሕተት ቢያገኙብኝ ግማሹ የሷ ነው።

ስልክ እንደማያነሡ፣ ደብዳቤ ካልሆነም እንደማይመልሱ የነገረችኝ አያቴ ናት። ዕድሜዎን ሙሉ ፖስታ ቤት ስለሠሩ ነው አለችኝ። የፖስታ ሣጥን ቁጥርዎን የት እንደጻፈችው ስጠይቃት በቃሏ ነገረችኝ።

የምጽፍልዎት ስለ እሷ ነው። ጡንቻዋ እየከዳት ነው። ደረጃ መውጣት ከተወች ቆየች፤ አሁን ብርጭቆ ማንሣትም ያስቸግራታል። ሐኪሞቹ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ሥር የሰደደ ብግነት አለባት ይላሉ። ይህ ብግነት ከእናቷ የወረሰችው ሊሆን ይችላል። ያንን ለማወቅ የእህት ደም ያስፈልጋል፤ ከእርስዎ በቀር ደግሞ እህት የላትም። እርስዎም ቢሆኑ ሳያውቁት ለብዙ ዓመት በውስጥዎ ብግነት ሊኖር ስለሚችል መመርመሩ ለራስዎም ይጠቅማል። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ላቦራቶሪ ደሙን ቀድቶ ራሱ ይልክልናል።

አያቴ ሰላም ትልዎታለች።

አክባሪዎ
ዳናይት


አዲስ አበባ፣ አራዳ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳናይት፦

የድንግል ልጅ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ ያለሽበት የብርድ አገር ነውና ሙቀት አያሳጣሽ። እኔ ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት እንደ ሊጥ ኩፍ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። ጃንዋሪ ብለሽ የጻፍሽውን ጥር ብዬ አነበብኩት። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቀን እንዳትልኪብኝ፤ ያለን ወር ይበቃናል።

ጽሑፍሽ ያምራል። እሱን ካልኩ በኋላ ወደ ንዴቴ ልግባ።

ብግነት አለብሽ አልሽኝ። ለብዙ ዓመት፣ ሳላውቀው! ልጄ፣ ሰው ሲበግን ያውቀዋል። ደግሞ ከእናታችን የወረስነው ነው ማለትሽ ምን የሚሉት ነገር ነው? እናታችን ማንንም አኩርፋ አድራ አታውቅም። ቂም የማታውቅ ሴት ከሞተች በኋላ ለልጆቿ ብግነት አወረሰች ተብላ ስትጻፍ ዐፅሟ አይወቅሰንም? የሆላንድ ሐኪም የሰው ንዴት በደም ውስጥ ይታየኛል ካለ ሥራ ፈትቷል ማለት ነው።

መብገኔን ማን እንደነገረሽ አውቃለሁ። እሷው ናት። እንግዲያው ከኔ ስሚው፤ አዎ፣ በግኛለሁ። ከዚያች ከመጣችሁባት ዓመት ጀምሮ እንደበገንኩ ነኝ።

አያትሽ በዚያ ክፉ ጊዜ በሱዳን አድርጋ ስትወጣ ክፍሏ ባዶ ቀረ። ቀበሌ ደግሞ ባዶ ክፍል አይወድም ነበር። ከወሎ የመጣች፣ ነሲባ የምትባል ልጅ እግር ልብስ ሰፊ ደባል አድርጎ አስገባብን። ደባል ምን እንደሆነ ባታውቂ አይገርመኝም። አንቺ ሳትመርጪው ቤትሽ ውስጥ የሚኖር፣ በአንድ በር የሚወጣ የሚገባ ሰው ነው። መጀመሪያ እናታችንም እኔም ፊት ነሣናት። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ስፌቷን ትሰፋለች። ከዚያ እናታችን ታማ አልጋ ላይ ቀረች። እኔ ፖስታ ቤት ስውል ያጠበቻት፣ ያገላበጠቻት፣ በማንኪያ ያጎረሰቻት ነሲባ ናት። እናታችን ስታርፍ እጇ የነበረው በነሲባ እጅ ውስጥ ነው።

ብርኽቲ ከስንት ዘመን በኋላ መጥታ የክፍሏን በር ስትከፍት ነሲባ እዚያ ባስገባነው የእናታችን አልጋ ላይ ቁጭ ብላ የልብስ ቁልፍ ትተክላለች። «ይቺ ባዕድ ትውጣ፤ አለዚያ እኔ እወጣለሁ» አለች። ለማስረዳት እንኳ ጊዜ አልሰጠችኝም፤ ሻንጣዋን ሳትፈታ፣ አንቺን አዝላ፣ እናትሽን አስከትላ ቸርችል ወርዳ ሆቴል ያዘች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም። ሰላም ትልዎታለች ያልሽውም ካንቺ ነው፤ ብርኽቲ ለኔ ሰላም አትልም።

ደም አልሰጥም። ለጤናዋ ግን ስለት ተስያለሁ።

ለተክርስቶስ


ግሮኒንገን
መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ ለተ፦

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ፤ ለጉልበትዎም ምሕረት ያውርድልዎ። በጻፉልኝ ቁጣ ውስጥ እንኳ ምርቃት ስላገኘሁ አመሰግናለሁ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰላምታውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ አያቴ አላለችም። ስለ ቃሉም ጥፋቱ የኔ ነው። «ብግነት» ያልኩት ንዴትን ማለቴ አይደለም፤ ከሕክምና መዝገበ ቃላት ያወጣሁት ነው። አካል ሲያብጥ፣ ሲቀላ፣ ሲያተኩስ ሐኪሞቹ እንዲህ ይሉታል። ጀርም ሲገባ ሰውነት ራሱን ለመከላከል የሚያነሣው እሳት ነው፤ ጀርሙ ሲሞት እሳቱም ይጠፋል። በእርጅና የሚመጣው ብግነት ግን ጀርም ሳይኖር የሚነሣ፣ ትንሽ የሆነና የማይጠፋ እሳት ነው። ቀስ እያለ መገጣጠሚያን፣ የደም ሥርን፣ ልብንና ጡንቻን ይጎዳል። የጉልበትዎ ማበጥም ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ጀርም ከሌለ ለምን ይነሣል? እኔ የማጠናው ይህን ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ገና ያልተረዳነውም አለ። አንዱን ብቻ ከእርስዎ በተዋስኩት ቃል ልንገርዎ።

ሰውነታችን ሕዋስ ከሚባሉ፣ በዓይን ከማይታዩ ክፍሎች የተሠራ ነው። በአብዛኞቹ ሕዋሶች ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ከሕዋሱም ያነሱ ነገሮች አሉ። የበላነውን ወደ ጉልበት የሚለውጡልን እነሱ ናቸው። ነገር ግን ከመጀመሪያው የቤቱ ልጆች አልነበሩም። ከማይታሰብ ዘመን በፊት ለብቻቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነበሩ፤ ወደ ሌላ ሕዋስ ገብተው እዚያው ቀሩ። ደባል ሆኑ ማለት ነው። ዛሬ ያለ እነሱ ቤቱ አይቆምም። ይዘውት የመጡትን የራሳቸውን የዘር ጽሑፍ ግን እስከ ዛሬ አልጣሉትም። እኛ ደግሞ ያንን ጽሑፍ የምንወርሰው ከእናት ብቻ ነው። የእህት ደም የጠየቅሁትም ለዚህ ነው፤ አያቴ ጋ ያለው ሁሉ እርስዎም ጋ አለ።

ስናረጅ የደባሉ ክፍል ግድግዳ ይሰነጠቃል። ሰውነት በወጣትነቱ የተበላሹትን እየለቀመ ያጸዳ ነበር፤ ሲያረጅ ጽዳቱ ይዘገያል። ያን ጊዜ የደባሉ ጽሑፍ ከክፍሉ አፈትልኮ ወደ ሳሎን ይወጣል። የሕዋሱ ዘበኛ ያየዋል፤ ጽሑፉ የባክቴሪያ ይመስላል። ዘበኛው ይህ ስንት ዘመን አብሮ የኖረ፣ ቤቱን ያቆመ መሆኑን አያውቅም፤ «ባዕድ ገባ!» ብሎ ይጮሃል። እሳቱ ይነሣል። የሚገደል ጠላት ስለሌለ እሳቱም የሚበርድበት ቀን የለም።

ይህን ስጽፍ ሌላ ነገር ለማለት አስቤ አልነበረም። ለአያቴ ሳነብላት ግን ደብዳቤዎንም አንብቢልኝ አለች። እናቷን ያጠበቻት እማማ ነሲባ መሆናቸውን ከደብዳቤዎ ነው የሰማችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቆይታ ያለችውን እንዳለ እጽፋለሁ፦ «የእናቴን መርዶ በስልክ ነው የሰማሁት። ከማላውቀው ሰው። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ካለ የሕዝብ ስልክ ደውዬ፣ እዚያው ቆሜ። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። ስመለስ አልጋዋ ላይ ሌላ ሰው አገኘሁ።»

ሰላምታ አልላከችም። እኔም በዚህ ጊዜ አልጨምርም።

ዳናይት


አዲስ አበባ፣ አራዳ
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳናይት፦

ትንሣኤውን ያሳየን አምላክ ለከርሞም አብረን ያድርሰን። ብዙ ዘገየሁብሽ። ጾሙና ስግደቱ ነው ብል ጉልበቴ ይታዘበኛል፤ ዘንድሮ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው ሕማማትን ያሳለፍኩት። የዘገየሁት እየጻፍኩ ስቀድ ነው።

ደብዳቤሽን ለነሲባ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ ደባሉ ስደርስ መቀሷን አስቀመጠችና «እኔን ነው የጻፈችው» አለች። «አይ፣ ሆድሽ ውስጥ ስላለ ነገር ነው» አልኳት። «እሱም የሰው ቤት ገብቶ የቀረ ነው አላልሽም? እንግዲያው እኔ ነኝ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ዘበኛው ጋ ስንደርስ ነሲባ መቀሷን መልሳ አነሣች።

መጀመሪያ በልቤ፣ ይኸው ዘበኛዋ ብርኽቲ ናት፣ ደግ ተጻፈላት ብዬ ነበር። እያደር ግን ያ ዘበኛ አሳዘነኝ። ከየት ይወቀው? ማን ነገረው? የእናታችንን መርዶ ለብርኽቲ እዚያ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጠዋት ቤቷ ሄደው፣ ደግፈው ያረዷታል ተብሎ አደራ ተሰጥቶ ነበር። እኔ እንዲያ እንደሆነ አምኜ ነው የኖርኩት። ፌርማታ ላይ ብቻዋን ቆማ መስማቷን ካንቺ ነው ያወቅሁት። እንዲህ ያለ ነገር ለጠላትም አይሆንም፤ ለእህቴ ሆነ።

ደሙን ሰጥቻለሁ። ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚወስደውን ቁልቁለት በነሲባ ትከሻ ወረድኩት። ከእኛ በታች ያለው ሰፈር ስለፈረሰ ሰማዩ ሰፍቷል፣ መንገዱ ግን ያው ቁልቁለት ነው። ደም የምትቀዳው ልጅ ነሲባን «ምኗ ነዎት?» አለቻት። «ደባሏ» አለች ነሲባ። ልጅቷ ቃሉን አታውቀውም፤ ሁለተኛ ጠየቀች። እህቴ ናት አልኩና ክንዴን ዘረጋሁ። ልጅቷ የኔን ማዕተብና የነሲባን ሂጃብ እያፈራረቀች አየች፤ ደግነቱ ሥራዋን ቀጠለች።

ስለ ቃሉ ደግሞ አስቤበታለሁ። እኛም ድሮ ቁስል ተቆጣ እንላለን። ስለዚህ መዝገበ ቃላትሽ ብዙ አልተሳሳተም፣ እኔም ብዙ አልተሳሳትኩም።

ነሲባ ለብርኽቲ ንገሪልኝ ያለችው አለ። አልጋው አሁንም እዚያው ነው፣ ያ ብረቱ። ሽቦው በላልቶ በገመድ አጥብቃዋለች። ትምጣና ትተኛበት፣ እኔ መሬት ላይ ፍራሽ አለኝ ብላለች። እኔ ደግሞ፣ መርዶው እንደዚያ መሆኑን አላውቅም ነበር በያት።

ለተክርስቶስ


ግሮኒንገን
ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ ለተ፦

ዝናቡ ሳይበረታብዎ፣ ጉልበትዎም ሳይብስብዎ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስ ምኞቴ ነው።

የደሙ ውጤት ደርሷል። የሁለታችሁ የእናት ጽሑፍ ፊደል ለፊደል አንድ ነው፤ ጉድለት አልተገኘበትም። ስለዚህ እናታችሁ ያወረሰቻችሁ በሽታ የለም። ቀድመው እንዳሉት ነው፤ ስሟን በከንቱ አንሥቼ ነበር። የአያቴ ሕመም ከዕድሜዋ ጋር የመጣ ነው። ይህ ለእርስዎ ደግ ዜና ነው። ለእሷ ግን ዘር ላይ ያለ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ሐኪሞቹ ሊሞክሩት ያሰቡት መድኃኒት ነበር። አሁን እሱም ቀርቷል። ይህን ሥራ ስማር ያሳደገችኝን ሰው የማድንበት መስሎኝ ነበር። እሳቱ ከየት እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ማጥፋት ግን አልችልም። በጣም አዝኛለሁ።

ስለ አልጋው ነገርኳት። ከዚያ «አሁንም ቁልፍ ትተክላለች?» አለችኝ። አዎ፣ ትተክላለች አልኳት። «ዓይኗ እንዴት ቻለው?» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ለተን ሰላም በያት» አለች። እኔ አልጨመርኩም፤ ራሷ ናት ያለችው።

እማማ ለተ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ብቻ ስልክ ይፍቀዱልን። ድምፅዋ ቀንሷል፤ ደብዳቤ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል።

ዳናይት


አዲስ አበባ፣ አራዳ
ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳናይት፦

የልፋትሽን ዋጋ የማይረሳ አምላክ ይክፈልሽ። አላዳንኳትም ብለሽ ራስሽን አትብዪ። አሮጊት የሚያድን ትምህርት ቢኖር አራዳ በአሮጊት ይሞላ ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ደብዳቤ ታነቢላታለሽ፤ እናቴም የነበራት እሱ ነው፣ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው።

ሰላምታዋ ደርሶኛል። ያቺን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ ደጋግሜ አነበብኳት። ብርኽቲዬ በያት። እንዲህ ብዬ የምጠራት ልጅ ሆነን ነበር፣ ታውቀዋለች።

ስለ ስልኩ እውነቱን ልንገርሽ። ኩራት ብቻ አይደለም፤ ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል። ስልክ ስይዝ የምሰማው የዝናብ ድምፅ ነው። ነሲባ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ እንኳ የማውቀው የኛ ቤት ወለል ጣውላ ስለሆነና ከእግሬ ሥር ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ቤት ውስጥ ስልክም ጆሮም ያላት እሷ ናት። ስለዚህ ብርኽቲ ልታናግረኝ ብትፈልግ ለነሲባ መናገር አለባት፤ ነሲባ በጆሮዬ ትጮህልኛለች። ሌላ መንገድ የለኝም። ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል እኔም ፈርቻለሁ። ከሆነ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደውሉ። ቁጥሩን በፖስታው ጀርባ ጽፌልሻለሁ።

ለተክርስቶስ


አዲስ አበባ፣ አራዳ
ሐምሌ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳናይት፦

ክረምቱን ያሻግረን። ይህን የምጽፈው ያንቺን ሳልጠብቅ ነው። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነሲባ፣ ደውለው ነበር፣ ሰላም ብለዋል አለችኝ። ቅዳሴ ሳይወጣ ነው የደወላችሁት። እሷ ራሷ ናት ያናገረችሽ? ስላት አዎ አለች። ምን አለች? ስላት «ሰላም አለች» ትላለች። ነሲባን አውቃታለሁ፤ ስለ አንድ ኮሌታ ረጅም ወሬ የምታወራ ሴት ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንገቷን ደፍታ ነው የምትሰፋው። ስሰማ የምከፋበት ነገር ብርኽቲ ብላት ይሆን? ብላት ከሆነ አንቺ ንገሪኝ። እህቴ እንዴት ናት? ለብዙ ጊዜ ዝም አላችሁ።

ለተክርስቶስ


ግሮኒንገን
ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ ለተ፦

ፍልሰታን በሰላም ያስፈታዎ። እኔ ደህና ነኝ። አያቴም ደህና ናት። ሥራ ስለበዛብኝ ዘግይቻለሁ። እማማ ነሲባ ላይ አይቆጡ፤ ክፉ ነገር አልተባሉም። የቀረውን በሰው እልካለሁ።

ጉልበትዎን ይጠንቀቁ። ብርድ ላይ አይቀመጡ።

ዳናይት


አዲስ አበባ፣ አራዳ
መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳናይት፦

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ብቻሽን አያስቀርሽ። ያሳደገችሽን ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

ያቺ አጭር ደብዳቤሽ የደረሰችኝ ሁሉን ከሰማሁ በኋላ ነው። ደህና ናት ብለሽ የጻፍሽ ቀን አፈር ለብሳ ነበር። አልቀየምሽም፤ እንደሱ ነው የሚደረገው፣ በወረቀት አይረዳም። ቀድማ ደርሳ ቢሆን ኖሮ ግን አውቅብሽ ነበር። ሰላም ትልዎታለች የሚለው የለበትም። አንዴ ውሸቱን ልከሽልኝ፣ አንዴ እውነቱን ልከሽልኝ፣ ባዶውን ስትልኪ አይጠፋኝም።

ለነሲባ ደውለሽ ከነገርሻት በኋላ እኔ እንዴት እንደሰማሁ ልንገርሽ፤ ማወቅ ትፈልጊያለሽ።

ወለሉ ዝም አለ። ነሲባ ከሱብሂ ሶላቷ በኋላ መኪናዋ ላይ ሳትቀመጥ ቀርታ አታውቅም፤ እኔም የምነሣው እግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ነው። ያን ቀን ጎሕ ቀድዶ፣ ብርሃን በመስኮት ገብቶም ወለሉ ዝም አለ። ታመመች ብዬ ተነሣሁ። በመሐላችን ያለውን በር ስከፍተው ቆማ አገኘኋት። ጥቁር ሻሽ አስራለች። ከኋላዋ የእድሩ ሴቶች ቆመዋል፣ ከነሱም ኋላ የንስሐ አባቴ አሉ። ማንም ሳይናገር ነሲባ ቀድማ ያዘችኝ። እናታችንን ያጠቡት እጆች ናቸው የያዙኝ ብዬ አሰብኩ፤ ለምን እንዳሰብኩት አላውቅም።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «እትዬ፣ ብርኽቲ አርፋለች» አለች። እንደወትሮዋ አልጮኸችም፤ ግን ሰማሁ። ሁለታችንም ተያይዘን የእናታችን አልጋ ላይ ወደቅን። ብዙ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለሞቷ ብቻ አይደለም፣ ላላየኋት ዘመን ሁሉ ነው። ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም።

ለቅሶው ጋብ ሲል ቄሱም አሉ፣ እድርተኛውም አለ፣ አንቺ ለምን ቀደምሽ? አልኳት። መቅደሟ ደስ ብሎኝ ነው፣ ግን ወጉ የዘመድ ነው። ያን ጊዜ ያን ያህል ሳምንት የዋጠችውን አወጣችው። ብርኽቲ የደወለችው እኔ ቤት አለመኖሬን አውቃ ኖሯል። «ነሲባ ነሽ?» አለቻት። «አዎ» አለች ነሲባ። «እናቴን ያጠብሽልኝ?» አለቻት። ብርኽቲም ትንፋሿ እየተቆራረጠ «እኔ ብዙ አልቆይም። ለተ በስልክ እንዳትሰማ፣ ከሰው ከሩቅ እንዳትሰማ። ጠዋት፣ ቤቷ፣ አንቺ ንገሪያት። ከቤት ሰው አፍ ትስማው» አለቻት።

ከቤት ሰው አፍ! ነሲባ ይህን ስትነግረኝ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። ቀበሌ ካስገባት ጊዜ ጀምሮ በዚህ ቤት የቤት ሰው ያላት ሰው የለም፤ እኔ እንኳ አላልኳትም፣ የሚባል አልመሰለኝም ነበር። ብላው የሞተችው ብርኽቲ ናት። አደራዋን ይዛ፣ እኔ ስጨቀጭቃት ኮሌታዋን እየሰፋች ዝም ያለችው ነሲባ ደግሞ እንኳን የቤት ሰው፣ የቤቱ ምሰሶ ናት።

በድምፅዋ አልሰማኋትም። ይህ ይቆጨኛል፣ እስክሞትም ይቆጨኛል። ግን የላከችልኝን ሰው እቤቴ አግኝቻታለሁ።

ፍትሐቱን ጊዮርጊስ አስደርገናል። ነሲባ ከቅጥሩ ውጭ በጃንጥላ ሥር ቆማ እስኪያልቅ ጠበቀችኝ። ሐዘንተኛ የሚመጣው አሁንም ስላላቆመ ሁለታችንም ፍራሽ ላይ ነን። እዝን የሚያመጣው ሰው ለሁለታችንም ነው የሚያቀርበው፤ ማንን እንደሚያጽናና መምረጥ ትቷል።

ጉልበቴ አሁንም ያብጣል። በዚህ በኩል ያንቺኛው ብግነት እንዳለ ነው፤ መንቀሳቀስ ይረዳል ካልሽ ሐዘኑ ሲወጣ ነሲባ ቁልቁለቱን ታወርደኛለች። የኔኛው ግን በርዷል። መቼ እንደበረደ አላየሁትም፤ ስፈልገው አጣሁት።

ብቻዬን ነኝ እንዳትዪ፤ በመጣሽ ጊዜ የምትተኚበት አልጋ አለ። ነሲባ አዲስ አንሶላ እየሰፋችለት ነው። ጠርዙ ላይ ያለውን ጥልፍ እኔ እየጠለፍኩት ነው፤ ጠመም ቢል የኔ እጅ ነው። ከእንግዲህ ስትጽፊ ከላይ የኔን ስም ብቻ አትጻፊ።

አያቶችሽ
ለተክርስቶስ እና ነሲባ